በአፋር የከሰል ክልከላና ፈቃድ፦ ክርክሩ ከየት ተነሣ? ማንንስ ይነካል?

ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ በአሚባራና በገዋኔ አልፎ ወደ ሰመራ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር የከሰል ማዳበሪያዎች ተደርድረው ማየት ለመንገደኛው አዲስ ነገር አይደለም። በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ከሰል በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ዛፎች ከአንዱ የተገኘ ነው። አንደኛው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ ሲሆን፣ መንግሥትም ሆነ አርብቶ አደሩ ከግጦሽ መሬቱ ላይ እንዲነሣ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ነባሩ ግራር ሲሆን፣ እንዳይቆረጥ ሕግም ባህልም ይጠብቁታል።

ሁለቱ ዛፎች በቁማቸው ሳሉ ለአፋር ሕፃን እንኳ የተለያዩ ናቸው። ከስለው በማዳበሪያ ከታሰሩ በኋላ ግን በኬላ ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ በዓይኑ ብቻ ሊለያቸው አይችልም። በክልሉ ከሰል ማክሰል አንድ ጊዜ ሲፈቀድ፣ ሌላ ጊዜ ሲከለከል የኖረበት ዋነኛ ምክንያትም ይኸው ነው። ክርክሩ የገጠሩ ብቻ አይደለም፤ በአዋሽ፣ በሎግያና በሰመራ ቡናዋን በከሰል የምታፈላውን፣ ወጧን በከሰል የምትሠራውን የከተማ ነዋሪም በቀጥታ ይነካል። ይህ ጽሑፍ የክርክሩን መነሻ፣ የሕጉን አቋም፣ የደጋፊዎችንና የተቃዋሚዎችን ሐሳብ እንዲሁም ለምድጃው ያሉትን አማራጮች በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ዛፉ ወደ አፋር እንዴት ገባ?

ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾሃማ ዛፍ የትውልድ ቦታው ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካ፣ የካሪቢያን አካባቢና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ወደ አፋር ምድር የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የተተከለውም በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች ዙሪያና በመንደሮች አካባቢ ነው። ዓላማው መልካም ነበር፤ ነፋስንና አቧራን እንዲገታ፣ አፈሩን እንዲይዝ፣ በበረሃው ፀሐይ ጥላ እንዲሆን፣ ለማገዶም እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ድርቅን የሚቋቋም፣ ጨዋማ አፈርን የማይፈራና ፈጥኖ የሚያድግ መሆኑ ለአካባቢው የተመረጠ አስመስሎታል።

ከጊዜ በኋላ ግን ዛፉ ከተተከለበት አጥር ወጥቶ ወደ ግጦሹ ገባ። የአፋር ሕዝብ ዛፉን እንደ አካባቢው «ደርጊ ሐራ» ወይም «ወያኔ ሐራ» እያለ ይጠራዋል፤ ሐራ ማለት ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ዛፉ በማን ዘመን እንደመጣና በማን ዘመን እንደተስፋፋ የሚያስታውስ የቃል መዝገብ ሆኗል።

የሳተላይት ምስሎችን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ ፕሮሶፒስ በአፋር ክልል በተለያየ መጠን የወረረው መሬት 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ደርሷል። የመስፋፋቱ ፍጥነትም በአማካይ በዓመት 31 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። በዚያው የምርምር ሥራ ቀጣይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ የፕሮሶፒስ ዛፍ በአማካይ በቀን ወደ 7 ሊትር ውኃ እንደሚጠጣ፣ በክልሉ ያለው በሙሉ ሲደመርም በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንደሚወስድ አስልቷል። የአዋሽ ወንዝ ዓመታዊ ፍሰት 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንደሆነ ሲታሰብ የቁጥሩ ክብደት ይገባል። ዛፉ ውኃውን የሚያገኘው ከወንዙ ብቻ ሳይሆን ከዝናቡና ከከርሰ ምድሩም ጭምር ቢሆንም፣ ጥናቱ ያ ውኃ 460 ሺህ ሄክታር ያህል ጥጥ ሊያጠጣ ይችል እንደነበር ገምቷል።

ለአርብቶ አደሩ ያሳጣውና የሰጠው

ፕሮሶፒስ የሚወደው ቦታ አርብቶ አደሩም የሚወደው ቦታ ነው፤ የወንዝ ዳር፣ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ፣ የበጋ ግጦሽ። ጥሻው ሲጠብቅ ከሥሩ ሣር አይበቅልም። ከብት ወደ ውኃ የሚወርድባቸው መንገዶች ይዘጋሉ። እሾሁ የግመልን እግርና የከብትን ሰኮና ይወጋል፤ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም። አራዊት በጥሻው ውስጥ ተሸሽገው መንጋን ያጠቃሉ።

ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየልና ግመል በድርቅ ወቅት ይበሉታል። ይሁንና ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው በእንስሳው ሆድ አልፎ ሳይፈጭ ይወጣል፤ በበጠጡና በእበቱ ውስጥም ለመብቀል የሚያስፈልገውን እርጥበትና ምግብ ያገኛል። መንጋው የተጓዘበት መንገድ ሁሉ የዛፉ የዘር መስመር ይሆናል ማለት ነው። ከብቶች ደግሞ ሌላ መኖ አጥተው ፍሬውን ብቻ ለረጅም ጊዜ ከበሉ የምግብ መፈጨት ሥርዓታቸው ይታወካል፤ ጥርሳቸውና መንጋጋቸውም ይጎዳል።

በሌላ በኩል ዛፉ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ጥላ ይሰጣል፣ ለአጥርና ለጎጆ እንጨት ይሆናል፣ ፍሬው ተፈጭቶ ሲሰጥ ለእንስሳት ጥሩ መኖ ነው። እንጨቱ ከባድና ጠንካራ በመሆኑም ከሰሉ ቶሎ አያልቅም፤ በገበያም ተፈላጊ ነው። መንጋው በድርቅ ያለቀበት ቤተሰብ ከመንገድ ዳር የሚያቆማት ማዳበሪያ ለዕለት ጉርስና ለትምህርት ቤት ደብተር የምትበቃ የመጨረሻ ገቢው ትሆናለች።

ከሰል ማክሰል እንዴት ተፈቀደ? ለምንስ ተከለከለ?

«ዛፉን ማጥፋት ካልተቻለ እየተጠቀሙ መቆጣጠር» የሚለው ሐሳብ በአፋር በተግባር የተሞከረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ፋርም አፍሪካ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት በአሚባራና በገዋኔ ወረዳዎች አርብቶ አደሮች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ረዳ። ማኅበራቱ ፕሮሶፒስን ብቻ እየቆረጡ ከሰል እንዲያከስሉ፣ ፍሬውን ሰብስበው በመፍጨት ለመኖ እንዲያቀርቡ፣ የጠራውንም መሬት መልሰው ለእርሻና ለግጦሽ እንዲያውሉ ተፈቀደላቸው።

ጅምሩ መሬትን ያጸዳና ገቢን ያስገኘ ቢሆንም ችግር አልታጣበትም። የከሰሉ ገበያ ሲሞቅ ከማኅበራቱ ውጭ ያሉ ነጋዴዎችና አክሳዮች ገቡበት። የፈቃዱ ወረቀት ለፕሮሶፒስ የተሰጠ ቢሆንም በእርሱ ሽፋን ግራር መቆረጥ ጀመረ። የግራር ከሰል በጥራቱ ለዘመናት የታወቀ ነው፤ ዛፉም ከፕሮሶፒስ ጥሻ ይልቅ ለመጥረቢያ የተመቸ ነው። ከዚህም በላይ አክሳዮቹ የሚፈልጉትን ወፍራም ግንድ እየቆረጡ ጉቶውን ስለሚተዉት ዛፉ በብዙ ቅርንጫፍ ያቆጠቁጥ ነበር። አንድ ግንድ የነበረው ዛፍ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ቁጥቋጦ ተስፋፍቶ ከቀድሞው የባሰ ጥሻ ሆነ። በዚህ ምክንያት የክልሉ መንግሥት ከሰል ማምረትንና መነገድን ከለከለ።

ክልከላው ግን ሲጠብቅና ሲላላ የኖረ ነው። በጠበቀ ጊዜ ከሰሉ ከጎዳናው ርቆ በሌሊት ይጫናል፤ በላላ ጊዜ ማዳበሪያዎቹ ወደ ጎዳናው ዳር ይመለሳሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 መሠረት ክልሎች የፌዴራል መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን ያስተዳድራሉ። አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ የሚጠቀሙበትን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የደን ውጤትን ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝ ፈቃድ እንዲያዝ ያዝዛል፤ ያለፈቃድ ዛፍ የሚቆርጥንም በወንጀል ያስጠይቃል። በሌላ በኩል የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ሚኒስቴር በ2009 ዓ.ም. ያወጣው ብሔራዊ የፕሮሶፒስ መከላከያ ስትራቴጂ ዛፉ እንዳይስፋፋ መግታትን፣ ከተወረረው መሬት ማስወገድንና በጥቅም ላይ እያዋሉ መቆጣጠርን አጣምሮ ለመሥራት የታሰበበት ነው።

ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው የአክሳዩን ግራ መጋባት ይረዳል። አንደኛው ሕግ «አትቁረጥ» ይላል፤ ሁለተኛው ሰነድ «ይህን ዛፍ አስወግድ» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚናገሩት ስለተለያዩ ዛፎች ነውና። ሁለቱን ዛፎች መለየት ያለበት ግን ፈቃድ ሰጪው የወረዳ ጽሕፈት ቤትና በመስክ የሚገኘው ባለሙያ ነው። ባለሙያው በሌለበት ሥራው ሁሉ በኬላው ላይ ይወድቃል።

ከጽሑፍ ሕጉ በፊት የነበረውንም ሥርዓት መዘንጋት አይገባም። በአፋር ባህላዊ ሕግ እርጥብ ዛፍን ከግንዱ መቁረጥ ነውርም ጥፋትም ነው፤ በድርቅ ጊዜ ለእንስሳት መኖ ቅርንጫፍ መመልመል ግን የተፈቀደ ነው። ይህን የጣሰ ሰው «ፊኢማ» በሚባለው የዕድሜ እኩዮች ማኅበር አማካይነት ይቀጣል። ሥርዓቱ የተሠራው ግን ለነባሩ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ ለመጣ ዛፍና ከከተማ ለመጣ የጭነት መኪና አልነበረም።

የክልከላው ደጋፊዎች ምን ይላሉ?

ክልከላው እንዲጠብቅ የሚፈልጉት ወገኖች የመጀመሪያ መከራከሪያቸው ግራር ነው። አንድ ትልቅ ግራር ለማደግ አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ለመቁረጥ ግን የአንድ ቀን ሥራ ይበቃል። ግራር ሲያልቅ ፍየልና ግመል በበጋ የሚቀጥፉት ቅጠልና ፍሬ፣ ንቡ የሚቀስመው አበባ፣ እረኛው የሚያርፍበት ጥላ አብሮ ያልቃል።

ሁለተኛው መከራከሪያ የገበያውን ጠባይ ይመለከታል። ከሰል ገቢ ማስገኘት ሲጀምር ከዛፉ መኖር የሚጠቀም ወገን ይፈጠራል። ዛሬ ጥሻውን የሚጠላ ሰው ነገ ከጥሻው ገንዘብ ካገኘ ጨርሶ እንዲጠፋ አይሻም፤ ጉቶውን ትቶ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ እየተመለሰ መቁረጥን ይመርጣል። እንዲህ ያለው አሠራር ዛፉን ያድሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሦስተኛው የገቢው ክፍፍል ነው። በብዙ ቦታ ከሰሉን የሚያከስሉት ከሌላ አካባቢ የመጡ የቀን ሠራተኞች ሲሆኑ፣ የመሬቱ ባለቤት የሆነው ጎሳ የሚያገኘው ድርሻ ትንሽ ነው። ትልቁ ትርፍ በከተማ ላለው ጅምላ ነጋዴ ይደርሳል። በተለመደው አፈር ለብሶ በሚቃጠል የእንጨት ክምር ከ100 ኪሎ ግራም እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም ብቻ መሆኑም ብክነቱን ያሳያል።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብስ?

ክልከላው እንዲነሣ ወይም እንዲሻሻል የሚጠይቁት ወገኖች በበኩላቸው ስሌቱን ከመሬቱ ይጀምራሉ። ዛፉ በዓመት 31 ሺህ ሄክታር ገደማ እየጨመረ ከሆነ፣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ራሱ ውሳኔ ነው ይላሉ። የመንግሥት በጀት በ1 ሚሊዮን ሄክታር ላይ የቆመውን ጥሻ በማሽን ነቅሎ አይጨርሰውም። ለቆራጩ ዋጋ የሚከፍለው ገበያው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ክልከላ ዓይነትን አይለይም የሚል ነው። ፕሮሶፒስን የሚያከስለው ሰውና ግራርን የሚያከስለው ሰው እኩል ወንጀለኛ ከሆኑ፣ ሁለቱም በሌሊት ከሠሩ፣ በማዳበሪያው ዋጋም ልዩነት ከሌለ፣ አክሳዩ ፕሮሶፒስን የሚመርጥበት ምክንያት ያጣል። እንዲያውም እሾሃማውን ጥሻ ትቶ ወደ ቀላሉ ግራር ይሄዳል። ስለዚህ ጅምላ ክልከላ ሊጠብቀው ያሰበውን ዛፍ ለአደጋ ያጋልጣል ባይ ናቸው።

ሦስተኛው የሚቀጣው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በኬላ ላይ ማዳበሪያዋ የምትወረስባት ብዙ ጊዜ በአህያ ሁለት ማዳበሪያ ጭና የመጣች እናት ናት። በአይሱዙ ሙሉ የጫነው ነጋዴ ግን መንገዱንም ሰዓቱንም ያውቃል።

ከእነዚህ ወገኖች አንዳንዶቹ ከሰልን ትቶ ሌላ የማገዶ ጥቅም ይፈለግ ይላሉ። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በድንጋይ ከሰል ፋንታ የፕሮሶፒስን እንጨት እንዲያነዱ የቀረበው ሐሳብ ለዓመታት ሲነሣ የቆየ ነው። ፋብሪካ ቀጭኑንም ወፍራሙንም እንጨት ስለሚቀበል ጥሻውን ሙሉ በሙሉ ለማንሣት ይመቻል። ይሁን እንጂ የማጓጓዣው ወጪ ከእንጨቱ ዋጋ እንዳይበልጥ፣ የጎሳዎች ድርሻም በውል እንዲታሰር ማድረግ የግድ ነው።

የከተማው ምድጃ፦ ከከሰል ሌላ ምን አለ?

የከሰል ክልከላ በገጠር ቢታወጅም ዋጋው የሚታየው በከተማ ነው። አቅርቦቱ ሲቀንስ የማዳበሪያው ዋጋ ይንራል። ከሰልን በማዳበሪያ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ደግሞ በትንንሽ ፌስታል ይገዛል፤ በዚህም ከሀብታሙ ይልቅ ለአንድ ኪሎ የበለጠ ይከፍላል። ስለዚህ «ከሰል ይቅር» ሲባል «በምን ይተካ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መመለስ አለበት።

የመጀመሪያው አማራጭ ኤሌክትሪክ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይል ማመንጨት ግን አንድ ነገር ነው፤ ወደ ምድጃው ማድረስ ሌላ ነው። በሙቀቱ ወቅት ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሠራ የሚደክም ወይም የሚቋረጥ መስመር የምሳ ሰዓትን አይታደግም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ተግባራዊ መሆኑም በቤተሰብ ስሌት ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ጋዝ ነው። በሲሊንደር የሚሸጠው የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከውጭ የሚገባ ነው። አገሪቱ ከውጭ የምታስመጣው ነዳጅ አብዛኛው ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ ገብቶ በሰመራና በአዋሽ የሚያልፍ ቢሆንም፣ ቦቴው በደጃፍ ማለፉ የሲሊንደሩን ዋጋ አላረከሰም። ለሲሊንደሩና ለምድጃው በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ በዕለት ገቢ ለሚተዳደር ቤተሰብ ትልቅ ነው። ነጭ ጋዝም ቢሆን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተጀመረው የነዳጅ ድጎማ ማሻሻያ ዋጋውን ካናረው በኋላ የድሃ ማገዶ መሆኑ ቀርቷል።

በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. መመረቁ ተስፋ ማሳደሩ አይካድም። ሆኖም አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ልዩነት አለ። ከካሉብ የሚወጣው ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ሲሆን፣ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ በልዩ ታንከር የሚጓጓዝ ነው። ለፋብሪካ፣ ለኃይል ማመንጫና ለከባድ ተሽከርካሪ ይመቻል። በቤት ውስጥ ያለው ሲሊንደር የሚይዘው ግን ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉትን በመጠነኛ ግፊት የሚፈስሱ ጋዞች ነው። ስለዚህ የካሉብ መመረቅ ብቻውን የሰመራን ምድጃ አያቀጣጥልም፤ ከማምረቻው እስከ ቤት ድረስ ሌላ የአቅርቦት መስመር ይፈልጋል።

ሦስተኛው አማራጭ ከሰሉን መቆጠብ ነው። «ላቀች» የተባለችው የሸክላ ሽፋን ያላት የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ስትነጻጸር ከሰልን እስከ ሩብ ድረስ ትቆጥባለች። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ያድናል። አገር ውስጥ የሚሠሩ፣ ዋጋቸውም ከሲሊንደር ጋር የማይወዳደር እነዚህ ምድጃዎች ዛሬውኑ በእጅ ያለ መፍትሔ ናቸው። በየትኛውም ምድጃ ቢሆን ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ሽታ በሌለው መርዛማ ጭስ ምክንያት ሕይወት እንደሚቀጥፍ መዘንጋት አይገባም።

ሌሎች አገሮች ምን ገጠማቸው?

የቻድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ በረሃማነትን ለመግታት ከሰልን በድንገት ከልክሎ ነበር። ወደ መዲናዋ እንጃሜና የሚገባው ከሰል ተቋረጠ፤ ጋዙ ግን በበቂ መጠንና በሚቻል ዋጋ አልቀረበም። ነዋሪዎች የቤት ዕቃቸውን ሳይቀር እየሰበሩ አነደዱ፤ ሴቶችም ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ። ዓላማው ከበረሃው ዳር ላለ አገር የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ነበር።

ኬንያ የአፋርን ችግር በቅርብ ትጋራለች። ፕሮሶፒስ በባሪንጎ አካባቢ «ማቴንጌ» በሚል ስም ይታወቃል። የአካባቢው አርብቶ አደሮች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ዛፉን አምጥቶብናል ያሉትን መንግሥት ከስሰው፣ በፍሬው ምክንያት ጥርሷ ያለቀ ፍየል ለማስረጃነት ወደ ፍርድ ቤት እስከ መውሰድ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ደግሞ የኬንያ መንግሥት በሕዝብና በማኅበረሰብ ደኖች ላይ የዛፍ ቆረጣን ለ90 ቀናት ከለከለ፤ ክልከላው እየተራዘመ ለዓመታት ዘለቀ። ለአጭር ጊዜ የታወጀ ክልከላ አማራጩ ሳይዘጋጅ ሲቀር መውጫው እንደሚጠፋበት ይህ ያሳያል።

መሬትን ማጽዳትና ዛፍን መመልመል ይለያያሉ

ክርክሩ በየትኛውም ወገን ቢያደላ፣ መሬቱን ከፕሮሶፒስ ለማስለቀቅ ለሚፈልግ አርብቶ አደርና ገበሬ የሚጠቅሙ በተግባር የተፈተኑ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ዛፉ የሚያቆጠቁጠው ከአፈሩ ወለል በታች ካለው የግንዱ ክፍል ነው። ከመሬት በላይ የቆረጠው ሰው ዛፉን መለመለው እንጂ አላጠፋውም። በዶማ ዙሪያውን ቆፍሮ ከዋናው ሥር ራስ በታች መቁረጥ ያስፈልጋል። ሥራው ከባድ ስለሆነ ገና በችግኝነቱ መንቀል ከሁሉ ይቀላል።

ሁለተኛ፣ የጠራ መሬት ባዶውን መቀመጥ የለበትም። በአፈሩ ውስጥ ያለው ዘር ለዓመታት ሳይበቅል መቆየት ስለሚችል፣ መሬቱ ወዲያው ካልታረሰ ወይም የመኖ ሣር ካልተዘራበት ጥሻው ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ፍሬው ለእንስሳት ከመሰጠቱ በፊት ዘሩ እስኪደቅ ድረስ መፈጨት አለበት፤ ከሌላ መኖ ጋርም መደባለቅ ይገባዋል። የተፈጨ ፍሬ መኖ ነው፤ ያልተፈጨ ፍሬ ግን ዘር ነው። ፍሬ ከበሉበት ቦታ የመጣ መንጋ ወዳልተወረረ ግጦሽ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ቀናት በበረት ቢቆይ ዘሩን እዚያው ጥሎ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ማክሰል በተፈቀደበት ቦታ በብረት በርሜልና በተሻሻለ አሠራር የሚያከስል ሰው ከ100 ኪሎ ግራም እንጨት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ከሰል ሊያገኝ ይችላል። ይህም ከተለመደው አሠራር እጥፍ ያህል ነው።

በሰመራ የሚገኘው የአፋር አርብቶና ከፊል አርብቶ አደር ምርምር ተቋምና በአሚባራ የሚገኘው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል በፕሮሶፒስ ዙሪያ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች ለምክር ሊደርሱባቸው የሚችሉ ተቋማት ናቸው።

ክርክሩ የሚፈታው የት ላይ ነው?

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ወገን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ግራሩ ይኑር፣ ፕሮሶፒሱ ይነሣ። የሚለያዩት ቁጥጥሩ የት ይቁም በሚለው ላይ ነው። በኬላ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር የሚያየው ማዳበሪያን ብቻ ነው፤ ማዳበሪያ ደግሞ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ አይናገርም። ጉቶ ግን ይናገራል። የትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ፣ ከሥሩ ተነቅሎ እንደሆነ ወይም ለዳግም ቆረጣ የተተወ እንደሆነ ጉቶውን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ስለሆነም ፈቃድ የሚሰጠው በማዳበሪያ ብዛት ሳይሆን ከሥሩ በጸዳ ሄክታር ልክ ቢሆን፣ ምስክርነቱንም መሬቱን የሚያውቁት የጎሳ ሽማግሌዎችና ፊኢማ ከወረዳው ባለሙያ ጋር ቢሰጡ፣ ሕጉ ሊለየው ያልቻለውን ነገር በቦታው መለየት ይቻላል። ግራር የቆረጠ በጎሳውም በሕጉም ይጠየቃል፤ ፕሮሶፒስን ከሥሩ ነቅሎ መሬቱን ሣር ያለበሰ ደግሞ ማዳበሪያውን በቀን ብርሃን ይሸጣል። ይህ እንዲሆን ግን በየቀበሌው የሚዘዋወር ባለሙያና ለእርሱም የሚሆን ትራንስፖርትና አበል ያስፈልጋል። ኬላ ከማቆም ይልቅ ወጪው የሚበዛ፣ ድካሙም የሚከብድ ሥራ ነው።

በከተማው በኩል ደግሞ ክልከላ የሚጸናው ሌላ እሳት በቤት ውስጥ ሲኖር ነው። መስመሩ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ በሚቻል ዋጋ የሚገኝ ሲሊንደር፣ ቢያንስ ከሰልን የምትቆጥብ ምድጃ በየቤቱ እስኪገባ ድረስ፣ የአዋሽና የሰመራ እናት ጠዋት ጠዋት ከሰል መግዛቷን አታቆምም። እርሷ ከገዛች የሚያከስል አይጠፋም። ከየትኛው ዛፍ ይከሰል የሚለው ውሳኔ ግን አሁንም በሰው እጅ ነው።